ጽሑፍ ሰብስቦ በኮምፒውተር ለመተንተን፦ የቅጂ መብት መመሪያ ለጅማ ተመራማሪዎች

በኪቶ ፉርዲሳም ሆነ በግብርና ኮሌጁ ግቢ አሁን አሁን የብዙ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የሚጀምረው ጽሑፍ ከመሰብሰብ ነው። የአፋን ኦሮሞ ፊደል አራሚ፣ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚተረጉም ሞዴል (ከብዙ ጽሑፍ የሚማር ፕሮግራም)፣ ስለ ቡና በሽታ የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ሁሉም ብዙ ሺህ ገጽ ይጠይቃሉ። ገጾቹ ደግሞ ባለቤት አላቸው።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዘግይቶ፣ ጥናቱ ለጆርናል ሲላክ ነው። ገምጋሚው «ዳታው ከየት መጣ? ለሌላ ተመራማሪ ማካፈል ይቻላል?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ከ40,000 ገጽ ውስጥ የትኛው ከየት እንደተወሰደ መለየት ስለማይቻል ዳታውን ጥሎ እንደ አዲስ መጀመር ግድ ይሆናል። የቅጂ መብትን ማሰብ ያለብዎት የመጀመሪያውን ፋይል በሚያወርዱበት ቀን ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሕጉ የሚይዘው የትኛውን ሥራ ነው?

ዳታ ማይኒንግ፣ ማለትም ብዙ ጽሑፍ ሰብስቦ በኮምፒውተር መተንተን፣ በእኛ አፍ አንድ ሥራ ነው፤ በሕግ ዓይን ግን ሦስት ነው። መቅዳት አለ፤ ማውረድ፣ ስካን ማድረግ፣ ምስልን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ሁሉ እዚህ ይገባል። መተንተን አለ፤ መቁጠር፣ ማነጻጸር፣ ሞዴል ማሠልጠን ማለት ነው። በመጨረሻ ማካፈል አለ። ሦስቱን ሳይለዩ «ይቻላል ወይስ አይቻልም» ብሎ መከራከር የትም አያደርስም።

የቅጂ መብት የሚጠብቀው አገላለጽን ነው፤ ሐሳብንና ተራ መረጃን አይጠብቅም። ትሪፕስ የተባለው የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት በአንቀጽ 9(2)፣ የበርን ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል ስለ ዕለታዊ ዜና በአንቀጽ 2(8)፣ የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ በአንቀጽ 5 ይህንኑ ይላሉ። በተግባር እንየው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ የቡና ፍሬ በሽታን ይቋቋማል። ይህ እውነታ ማንም በባለቤትነት የሚይዘው አይደለም። ከብዙ ማኑዋሎች የዝርያ ቁጥር፣ ተስማሚ ከፍታ፣ ምርት በሄክታርና የበሽታ መቋቋም ደረጃ ለቅመው ሠንጠረዥ ቢሠሩ ማንንም አልነኩም።

ችግሩ ያለው ወደ ሠንጠረዡ ለመድረስ ማኑዋሎቹን በሙሉ ወደ ሃርድ ዲስክዎ መገልበጥዎ ላይ ነው። መገልበጥ ማባዛት ነው። ማባዛት ደግሞ በበርን ስምምነት አንቀጽ 9 እና በአዋጁ አንቀጽ 7 መሠረት የባለመብቱ ብቸኛ መብት ነው። ኮምፒውተር እንደ ሰው አይቶ አይሄድም፤ ለማንበብ መጀመሪያ መቅዳት አለበት። የዚህ ዘርፍ ክርክር ሁሉ የሚመነጨው ከዚች ነጥብ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ

አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ከተሻሻለ በኋላም ቢሆን፣ ስለ ዳታ ማይኒንግ በስም የሚናገር አንቀጽ የለውም። ቀረብ የሚሉ ልዩ ሁኔታዎች ግን አሉ። አንቀጽ 9 አንድ ግለሰብ ታትሞ ከወጣ ሥራ ለግል ጉዳዩ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ለራስዎ ንባብ ይበቃል። አምስት ሰዎች ያሉበት የምርምር ቡድን በጋራ ድራይቭ ላይ ለሚያከማቸው ክምችት ግን አይበቃም፤ የዲጂታል ዳታቤዝን ሙሉ ወይም ጉልህ ክፍል መገልበጥንም አይሸፍንም። አንቀጽ 10 ምንጭና ደራሲ ተጠቅሶ ተገቢ በሆነ መጠን መጥቀስን ይፈቅዳል። በወረቀትዎ ላይ ለምሳሌ የሚያስገቧቸው ዓረፍተ ነገሮች በዚህ ይያዛሉ። አንቀጽ 11 ለማስተማር፣ አንቀጽ 12 ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት ነው። አንዳቸውም የጋዜጣን የዓመታት እትም ጠቅልሎ ለመውሰድ በር አይከፍቱም፤ እንደሚከፍቱ አድርገው የሚያማክሩ ሰዎች ይሳሳታሉ።

ቅጣቱ ቀላል አይደለም። በአንቀጽ 36 መሠረት መብትን ሆን ብሎ መጣስ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት መጣስ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣም ከ100,000 ብር አያንስም። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ምዝገባና ፈቃድ የሚወስዱት ጥቂት ሰዓታት ከዚህ ጋር ሲተያዩ ምንም እንዳልሆኑ ለማሳየት ነው።

የጥበቃው ዘመን ደራሲው በሕይወት ባለበት ጊዜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ስለዚህ «አሮጌ መጽሐፍ ነው» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። መታየት ያለበት የታተመበት ዓመት ሳይሆን ደራሲው ያረፈበት ዓመት ነው።

መጀመሪያ መሄድ ያለብዎት ወደ ሕግ ጽሑፎች

በአንቀጽ 5 መሠረት የሕግ፣ የአስተዳደርና የፍትሕ ይዘት ያላቸው ኦፊሴላዊ ጽሑፎችና ኦፊሴላዊ ትርጉሞቻቸው የቅጂ መብት ጥበቃ የላቸውም። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል። የኦሮሚያ ክልል የሕግ ጋዜጣ የሆነው መገለታ ኦሮሚያ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ጅማ ተቀምጦ የትርጉም ሞዴል ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ንጹሕ ምንጭ ማግኘት ያስቸግራል፤ አንቀጽ በአንቀጽ የተያያዘ፣ ባለሙያ የተረጎመው፣ ማንንም ፈቃድ የማይጠይቁበት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔዎችም እዚሁ ይገባሉ።

ሲሠሩበት የሚያጋጥሙ ሦስት ችግሮች አሉ። አንደኛው ዓምድ ነው። ፒዲኤፉን በቀጥታ ወደ ጽሑፍ ከለወጡት የግራው ዓምድ መስመር ከቀኙ ጋር እየተቀላቀለ የአማርኛው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛው ግማሽ ጋር ይሰፋል። መጀመሪያ ገጹን በዓምድ ይቁረጡ፤ የመገለታ ኦሮሚያን ገጽ ከመቁረጥዎ በፊት ስንት ዓምድ እንዳለው በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው ያውጡ። ሁለተኛው ፎንት ነው። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ፋይሎች ስክሪን ላይ አማርኛ ሆነው እየታዩ ሲገለበጡ የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ይሆናሉ። መለወጫ ሠንጠረዥ ከሌለዎት ገጹን በ300 ዲፒአይ ወደ ምስል ቀይረው ምስልን ወደ ጽሑፍ በሚለውጠው ቴሴራክት በተባለው ፕሮግራም የአማርኛ ሞዴል ማስነበብ ይቀልላል። ሦስተኛው የሕግ ወጥመድ ነው። አንድ አሳታሚ አዋጆችን ሰብስቦ ማብራሪያ፣ ማውጫና ማጠቃለያ ጨምሮ ካሳተመ አዋጁ ነጻ ቢሆንም ማብራሪያው የአሳታሚው ነው። ጽሑፉን ከጋዜጣው ከራሱ ይውሰዱ።

ቀጥሎ የሚመጡት ክፍት ፈቃድ ያላቸው ምንጮች ናቸው። የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ዊኪፒዲያ ጽሑፎች በክሪኤቲቭ ኮመንስ «ባይ-ኤስኤ» ፈቃድ የሚቀርቡ ስለሆነ ምንጭ ጠቅሰው መጠቀም ይችላሉ፤ አሻሽለው ሲያካፍሉ ግን በዚያው ፈቃድ ማካፈል አለብዎት። ገጽ በገጽ ከመልቀም ይልቅ ዊኪሚዲያ በየጊዜው የሚያወጣውን ሙሉ ቅጂ በአንድ ጊዜ ማውረድ ይቻላል። ፈቃዱ «ኤንሲ» ካለበት ለንግድ አይሆንም፤ «ኤንዲ» ካለበት የተለወጠ ቅጂ ማሰራጨት ክልክል ነው። ይህ የተጸዳና የተሰየመ ዳታ ለሚያካፍል ሰው ከባድ ገደብ ነው። በጤና ዘርፍ ለሚሠሩ፣ ፐብሜድ ሴንትራል የተባለው የሕክምና ጽሑፎች ክምችት በጅምላ ማውረድ የሚፈቅደው ክፍት የተባለውን ክፍሉን ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለውን በፕሮግራም መልቀም አይፈቅድም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናል በእጅዎ አጠገብ ነው፤ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ፈቃድ ግን ከራሱ ገጽ ላይ አንብበው ይመዝግቡ።

በቴሌግራም ቻናሎች የሚዘዋወሩ የመጻሕፍት ፒዲኤፎችን አይንኩ። በዚህ ላይ ማመቻመች አያስፈልግም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 አንትሮፒክ በተባለው ኩባንያ ላይ በቀረበ ክስ የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሞዴል ማሠልጠኑን ፍትሐዊ አጠቃቀም (ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጠቀምን በአንዳንድ ሁኔታ የሚፈቅድ የአሜሪካ ሕግ መርህ) ነው ብሎ፣ ከተሰረቁ የመጻሕፍት ክምችቶች ወርደው የተቀመጡትን ቅጂዎች ግን ለይቶ ለችሎት አስቀረ። ጉዳዩ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ሕጉ ሰፊ ነው በሚባልበት አገር እንኳ ምንጩ ንጹሕ ያልሆነ ቅጂ የያዘውን ሰው አሳልፎ ይሰጣል። መጽሐፉን ገዝተው ስካን ማድረግ በእኛ ሕግ ሙሉ መልስ ባይሆንም ከቴሌግራም ከወረደ ቅጂ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ደራሲዎቻችን ከመጽሐፍ ሽያጭ የሚያገኙት ትንሽ መሆኑንም አይርሱ።

ዓለም አቀፉ ማዕቀፍና ጅማን የሚነካበት መንገድ

ስለ ዳታ ማይኒንግ ብቻ የተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት የለም። ያለው ማዕቀፍ እ.ኤ.አ. በ1886 የተጀመረው የበርን ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. የ1994ቱ ትሪፕስና እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነት ነው። አገሮች ልዩ ሁኔታ ሲያወጡ ሦስት መመዘኛ እንዲያልፉ ይጠይቃሉ፦ ተለይቶ ለታወቀ ጉዳይ ብቻ እንዲሆን፣ ከሥራው መደበኛ ገበያ ጋር እንዳይጋጭ፣ የባለመብቱን ሕጋዊ ጥቅም ያለአግባብ እንዳይጎዳ። የተጻፉት ለሕግ አውጪ ቢሆንም ለራስዎም ይጠይቋቸው። ሁለተኛው ላይ «ሰው የእኔን ዳታ አውርዶ ጋዜጣውን መግዛት ይተዋል» የሚል መልስ ከመጣ ዕቅዱን ይለውጡ።

አዋጁ ሲወጣ ኢትዮጵያ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም፤ አዋጁም በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንንና የነዋሪዎችን እንዲሁም እዚህ መጀመሪያ የታተሙ ሥራዎችን፣ ከዚያም አገሪቱ በተቀበለቻቸው ስምምነቶች የሚጠበቁትን ነው። ከዚህ ተነስተው «የውጭ መጽሐፍ እንደ ልብ ነው» የሚሉ አሉ። አይመኑበት። የስምምነት አባልነት ይለወጣል፤ ከዚያም በላይ ሥራዎ ከጅማ ይወጣል። የበርን ስምምነት አንቀጽ 5(2) የጥበቃውን መጠን የሚወስነው ጥበቃ የተጠየቀበት አገር ሕግ ነው ይላል። ላፕቶፕዎ ላይ የተቀዳ ፋይል በኢትዮጵያ ሕግ ይታያል። ስክሪፕቱ የሚሮጠው ፍራንክፈርት ባለ የኪራይ ሰርቨር ላይ ከሆነ ግን ቅጂው የተደረገው ጀርመን ነው፤ ዳታውን ለንደን ላለ ጓደኛ ሲልኩ ደግሞ ጉዳዩ ለንደን ገባ። ስለዚህ የክላውድ አገልግሎት ሲከራዩ የሰርቨሩን አገር ይምረጡ፣ ይመዝግቡም።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2019 ዳይሬክቲቭ 2019/790 ሁለት በር ከፍቷል። አንቀጽ 3 የምርምር ተቋማትና የባህል ቅርስ ተቋማት በሕጋዊ መንገድ ያገኙትን ሥራ ለሳይንሳዊ ምርምር እንዲቀዱና እንዲተነትኑ ይፈቅዳል፤ ይህን የሚከለክል የውል ቃል አይጸናም። አንቀጽ 4 ለማንኛውም ሰው ነው፤ ባለመብቱ መብቱን ካስጠበቀ ግን አይሠራም፤ ኢንተርኔት ላይ ላለ ጽሑፍ ማስጠበቂያው ማሽን በሚያነበው መልክ መሆን አለበት። ጅማ ያለ ተማሪ የአንቀጽ 3 ተጠቃሚ ነኝ ብሎ መነሳት አይችልም። ሆኖም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት በትብብር ሠርቷል። እንዲህ ያለ አጋር ካለዎት ቅጂውንና ትንተናውን አጋሩ በራሱ ተቋም፣ በራሱ ሕግ ሥር ሠርቶ ወደ እርስዎ ውጤቱ ብቻ እንዲመጣ ሥራውን ይከፋፍሉ። ክፍፍሉ በፕሮጀክት ሰነዱ ላይ ይጻፍ።

እንግሊዝ ከ2014 ጀምሮ (ከዚህ በታች ስለ ውጭ ሕጎች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በ1988ቱ የቅጂ መብት ሕጓ ክፍል 29ኤ ለንግድ ላልሆነ ምርምር ብቻ ትፈቅዳለች። እዚህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፤ በዚያ ሕግ የተደረገ ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ለሌላ ሰው ከተላለፈ ጥሰት ይሆናል። «ለንደን ያለ ጓደኛዬ ሃርድ ዲስክ ይልክልኛል» የሚለው ዕቅድ እዚህ ይፈርሳል። ጃፓን በ2018 ባሻሻለችው ሕግ አንቀጽ 30-4 ጽሑፉን ለማጣጣም ሳይሆን ለመተንተን ብቻ የሚደረግ ቅጂን ለንግድም ቢሆን ትፈቅዳለች፤ የባለመብቱን ጥቅም ያለአግባብ እስካልጎዳ ድረስ። ሲንጋፖር በ2021 ሕጓ ክፍል 244 ተመሳሳይ መንገድ ይዛለች፤ ሕጋዊ ተደራሽነት ግን ትጠይቃለች። አሜሪካ የተለየ አንቀጽ የላትም፤ በፍትሐዊ አጠቃቀም መርህ ጉዳይ በጉዳይ ትመዝናለች። ስካን በተደረጉ መጻሕፍት ክምችቶች ላይ የተሰጡት የ2014ቱ የሃቲትረስትና የ2015ቱ የጉግል መጻሕፍት ውሳኔዎች ለመፈለጊያና ለመተንተኛ የሚደረግ ቅጂን ደግፈዋል።

መዝገብ፣ ማውረድ፣ ፈቃድ

አንድም ፋይል ሳያወርዱ አንድ የተመን ሉህ ይክፈቱ። ለእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ረድፍ ይያዙ። አንድ ረድፍ ሲሞላ እንዲህ ይመስላል፦ «መለያ 0017፤ መገለታ ኦሮሚያ፤ ደንብ፤ የወረደበት ገጽ አድራሻ፤ የወረደበት ቀንና ሰዓት፤ ኦፊሴላዊ ጽሑፍ፣ አንቀጽ 5፤ ፈቃድ አያስፈልግም፤ 24 ገጽ፤ ስካን፤ ማካፈል ይቻላል፤ የፋይሉ ሻ-256 አሻራ።» አሻራው ፋይሉ በኋላ እንዳልተለወጠ ማረጋገጫ ነው፤ በፓይተን የአንድ መስመር ሥራ ነው። የድረ ገጹን የአጠቃቀም ውል በዚያው ቀን በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፤ ውሎች ሳይነገር ይለወጣሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ይል እንደነበር ማሳየት የሚችሉት ካስቀመጡ ብቻ ነው።

ውሉን ማንበብ ለምን እንደሚያስፈልግ የጄደብሊው 300 ታሪክ ይናገራል። ከ300 በላይ ቋንቋዎችን የያዘው ይህ የትይዩ ጽሑፍ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣ በኋላ የአፍሪካ ቋንቋ ተመራማሪዎች የትርጉም ሞዴሎቻቸውን በእሱ ሠሩ። በኋላ ጽሑፉ የተወሰደበት ድረ ገጽ የአጠቃቀም ውል እንዲህ ያለውን ሥራ እንደሚከለክል ታወቀ፤ ክምችቱም ይከፋፈልበት ከነበረው ቦታ ወረደ። ብዙ ሰው በቅንነት የደከመበት ሥራ መሠረቱን አጣ። የአውሮፓ ሕግ አንዳንድ ውሎችን ይሽራል፤ የእኛ ሕግ ግን ስለ ዳታ ማይኒንግ ውል የሚሽር ድንጋጌ የለውም፤ የተስማሙበት ውል ያስርዎታል።

ይኸው ነገር በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በኩል በሚያገኟቸው ዳታቤዞች ላይም ይሠራል። ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ለታዳጊ አገሮች ጆርናሎችን በሚያቀርብ ፕሮግራም ወይም በደንበኝነት የሚገባ ሰው ማንበብ ይችላል ማለት በስክሪፕት ማራገፍ ይችላል ማለት አይደለም። የአሳታሚው ሲስተም ባልተለመደ ፍጥነት የሚወርድ ፋይል ሲያይ የሚዘጋው የእርስዎን ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን የግቢውን አድራሻ በሙሉ ነው፤ በማግስቱ የሕክምና ፋኩልቲው ጽሑፍ ማንበብ ያቅተዋል። እንደ ኤልሴቪየር ያሉ አሳታሚዎች ለዳታ ማይኒንግ የተለየ መግቢያ አላቸው፤ ቁልፉን በቤተ መጻሕፍቱ በኩል ይጠይቁ።

ከድረ ገጽ ሲለቅሙ መጀመሪያ የሮቦት መመሪያ ፋይሉን (ድረ ገጹ ለማውረጃ ፕሮግራሞች የተፈቀደውንና የተከለከለውን የሚጽፍበት robots.txt) ያንብቡ፤ የተከለከለውን ክፍል ይዝለሉ። በየ10 ሰከንዱ አንድ ገጽ ይጠይቁ። በዚህ ፍጥነት በቀን 8,640 ገጽ ይመጣል፤ 40,000 ገጽ በአምስት ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል፤ ስለዚህ ለመቸኮል ምክንያት የለም። የአገር ውስጥ ጋዜጦች ሰርቨር ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ በሴኮንድ 20 ገጽ የሚጠይቅ ስክሪፕት ሊያስተኛው ይችላል። ያኔ ጉዳዩ ከቅጂ መብት አልፎ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ውስጥ ይገባል። ስክሪፕቱ ራሱን ያስተዋውቅ፤ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይልዎ ይኑርበት። 429 የሚል ምላሽ (ጥያቄው በዛ የሚል የሰርቨር ቁጥር) ሲመጣ ያቁሙና ቆይተው በግማሽ ፍጥነት ይቀጥሉ። 403 ከመጣ ግን ተከልክለዋል፤ አድራሻ ቀይሮ መግባት መከላከያ ጥሶ መግባት ነው። መብራትና ኔትወርክ ስለሚቋረጥ ስክሪፕቱ የወረደውን እየመዘገበ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርገው ይጻፉት፤ ያለዚያ በተቋረጠ ቁጥር ከአንድ ጀምሮ ያንኑ ሰርቨር ያደክማል።

ፈቃድ የሚጠይቅ ምንጭ ከሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ከትምህርት ክፍሉ የሚጻፈው የትብብር ደብዳቤ «ትብብር ይደረግለት» ይላል እንጂ የቅጂ መብት አይሰጥም። በር የሚያስከፍት ወረቀት ነው፤ ፈቃዱ ግን ለብቻው ይጻፋል። የሚከተለውን እንደ ጉዳዩ አስተካክለው ይጠቀሙበት፦

«ድርጅታችን ከጥር 2010 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባሳተማቸውና የቅጂ መብታቸው የድርጅቱ በሆኑ ጽሑፎች ላይ አመልካች፦ አንድ፣ ለምርምር ዓላማ ዲጂታል ቅጂ እንዲያደርግ፤ ሁለት፣ ቅጂውን በኮምፒውተር እንዲተነትንና የቋንቋ ሞዴል እንዲያሠለጥንበት፤ ሦስት፣ የቃላት ድግግሞሽ፣ ስታቲስቲክስና ሞዴሉን እንዲያሳትም ፈቅደናል። ሙሉ ጽሑፎችን ለሦስተኛ ወገን አያስተላልፍም። ቅጂዎቹ በይለፍ ቃል ተጠብቀው ይቀመጣሉ፤ ጥናቱ ከታተመ ከሦስት ዓመት በኋላ ይሰረዛሉ። ፈቃዱ ያለ ክፍያ የተሰጠ ሲሆን ለንግድ አገልግሎት አይውልም።» ከሥር የፈራሚው ስም፣ የሥራ ኃላፊነት፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ይኑር።

«የቅጂ መብታቸው የድርጅቱ በሆኑ» የሚለው ሐረግ እንዲሁ የገባ አይደለም። በአዋጁ አንቀጽ 21 መሠረት ተቀጣሪ ጋዜጠኛ በሥራው የጻፈው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። በእንግድነት የጻፉ ዓምደኞች፣ ግጥም የላኩ አንባቢዎችና ከውጭ ዜና ወኪል የተወሰደ ዜና ግን የጋዜጣው ላይሆኑ ይችላሉ፤ ጋዜጣው ያልያዘውን መብት ሊሰጥዎት አይችልም። እነዚህን በጸሐፊ ስም ለይተው ያውጡ። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞችም እንዲሁ ባለቤት አላቸው፤ ቃሉ ጥንታዊ ቢሆን የአሁኑ ትርጉም አሳታሚ አለው።

የቴሌግራም ቡድንና የፌስቡክ አስተያየት ሁለት ሕግ ይነካል። አስተያየቱ የጸሐፊው ነው፤ በውስጡ ያለው ስም፣ ስልክ ቁጥርና የጤና ሁኔታ ደግሞ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይያዛል። ስምና ቁጥር ትንተና ከመጀመርዎ በፊት ይውጡ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ይሁንታ ማግኘትም አይዘንጉ።

ማስቀመጥና ማካፈል

ሦስት ማህደር ይክፈቱ። በመጀመሪያው እንደወረደ ያለው ጥሬ ቅጂ ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም። በሁለተኛው የተጸዳው ይገባል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ የሚያጠቃልሉት እዚህ ብቻ ነው፤ በጥሬው ላይ ካደረጉት የደራሲው አጻጻፍ ለዘለዓለም ይጠፋል። በሦስተኛው ለሕዝብ የሚወጣው ውጤት ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በይለፍ ቃል ተቆልፈው ስማቸው ለተጻፈ ሰዎች ብቻ ይከፈቱ።

ማካፈል የሚቻለው እንደ ምንጩ ነው። ኦፊሴላዊ ጽሑፍን ሙሉውን ይልቀቁት። በክፍት ፈቃድ የመጣውን እንደ ፈቃዱ ይልቀቁ። ፈቃድ ካልሰጠ ምንጭ ግን የቃላት ድግግሞሽ፣ የሁለትና የሦስት ቃል ቅንጅቶች ቆጠራ፣ የገጽ አድራሻዎች ዝርዝርና ማውረጃው ስክሪፕት ይበቃሉ። ሃቲትረስት ለተመራማሪዎች የሚያወጣው የገጽ በገጽ ቃላት ቆጠራ ጥሩ አርአያ ነው፤ ብዙ ምርምር ይደረግበታል፣ መጽሐፉን ግን ማንም ከእሱ ማንበብ አይችልም። ዓረፍተ ነገሮችን በታትኖና ቀላቅሎ መልቀቅ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ በተለይ በግጥምና በአጭር ጽሑፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሥራው ሊሆን ይችላል።

ሞዴል የሚለቅቁ ከሆነ ሸምድዶ እንደሆነ ይፈትሹ። ከሥልጠናው ጽሑፍ በዘፈቀደ 200 ቁራጭ ይምረጡ፤ የእያንዳንዱን የመጀመሪያ 20 ቃል ሰጥተው ቀጣዩን 30 ቃል ያስጽፉት፤ ከዋናው ጋር ያስተያዩ። ቃል በቃል የሚደግም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ተደጋጋሚ ጽሑፍ ነው። አንዱ ዜና በአምስት ድረ ገጽ ላይ ስለሚለጠፍ ሞዴሉ አምስት ጊዜ ያየዋል። ተመሳሳዮችን አስወግደው እንደገና ያሠልጥኑ። ፍርድ ቤቶች በዚህ ላይ ገና አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 የሙኒክ ፍርድ ቤት ሞዴሉ ውስጥ የተሸመደደ የዘፈን ግጥም ራሱ ቅጂ ነው ሲል፣ በዚያው ወር የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በጌቲ ኢሜጅስ ክስ ላይ ሞዴሉ የሥራዎቹ ቅጂ አይደለም ብሏል። በሁለቱ መካከል ሆኖ አስተማማኙ የማይሸመድድ ሞዴል ነው።

ባለመብት ነኝ የሚል ሰው ከጻፈልዎት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይመልሱ። ከመዝገቡ ምንጩን አውጥተው ያሳዩት፤ ባለመብትነቱ እስኪጣራ ጽሑፉን ከሚካፈለው ማህደር ያውርዱ፣ ያወረዱበትን ቀን ይመዝግቡ። ጽሑፉ ለሞዴል ከዋለ የትኛው የሞዴል ቅጂ ውስጥ እንደገባ መናገር መቻል አለብዎት፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥልጠና ጋር የገቡት መለያ ቁጥሮች ዝርዝር ይቀመጥ። ጉዳዩ ከከረረ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሕግ አገልግሎትና ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መዝገቡን፣ የተቀመጠውን የአጠቃቀም ውልና የፈቃድ ደብዳቤውን ይዘው ይሂዱ።